አራት ፕላስ ያመጣው ደሜ

በነቀምት፣ በሰፈሬ በበከኒሳ ቀሴ፣ ሰው ያልገባው ነገር ሲኖር ወደ እኔ ይመጣል። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከዘይት ቆርቆሮና ከመኪና ጎማ ላይ ካለ ጽሑፍ ነው። ሞተር ፈትቶ መግጠምም ማንም አላሳየኝም። ፈታሁት፣ አየሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። በዘመኔ ከነቀምት እስከ አኖ ባለው መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ ካሚዮን አንድ ቀን በእጄ ያላለፈ ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይናገር።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ በቀጥታ ወደ እኔ ግቢ ስትገባ አልተገረምኩም። ስሟን አልጠራም። «ኦቦ ነገራ፣ ቫይራል ሎድሽ ወርዷል አሉኝ። ልደሰት ወይስ ላልቅስ?» አለችኝ።

ደስ ይበልሽ አልኳት። ቫይራል ሎድ ማለት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት ነው፤ ደምሽ የተሸከመው ጭነት ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት። ጭነቱ ሲበዛ ሰውነት ይጎዳል፣ ክኒኑ በሰዓቱ ሲዋጥ ጭነቱ ይወርዳል። ደግሞ አንድ ቀን «አልታየም» ይሉሻል፤ ያኔ ማሽኑ ሊያየው ከማይችለው በታች ሆነ ማለት እንጂ ከሰውነትሽ ወጣ ማለት አይደለምና ክኒኑን እንዳታቆሚ አልኳት። ይህን ሁሉ ከየት አወቅከው ብላ ጠየቀችኝ። ከራሴ ደም ነው ያወቅሁት።

በደርግ ጊዜ፣ ያ ቃል በከተማችን ሳይሰማ በፊት፣ እኔ የደሜን ጭነት አስለክቻለሁ፤ የልኩ ትርጉም ባለመታወቁም ልሞት ተቃርቤ ነበር። የኔው ወባ ነበር እንጂ ቫይረስ አልነበረም። ወባ ከታከሙት ይለቃል፣ ያኛው ግን ክኒኑ ዕድሜ ልክ ነው። የጭነቱ ነገር ግን አንድ ነው። ይህን የምጽፈው መድኃኒት ጀምሮ ለማቆም ለሚያስብ ሰው ሁሉ ነው።

ያኔ ሰፋሪዎች በአንገር ጉቲን ቆላ እየሰፈሩ የመንግሥት እርሻውም እየሰፋ ነበር። በመኸር መካከል ትራክተሮቹ ቆሙ። የእርሻው መካኒክ ታሞ ተኝቷል ተባለና የሚጠሩት ሰው ቢያስቡ፣ እኔው ነበርኩ። ሄድኩ። መንገዱ አጥንት የሚያላላ ነው፤ ሙቀቱም ብረቱን በእጅ አያስነካም። ሌሊት ሌሊት ከትራክተሩ ሥር ሸራ አንጥፌ እተኛለሁ። ትንኙ ጆሮዬ ላይ ሲዘፍን የታመመው መካኒክ በምን እንደታመመ ልጠይቅ አላሰብኩም። ትራክተሮቹን አስነሥቼ በበቆሎ መኪና ላይ ተጭኜ ተመለስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እንደያዝኩ ብርድ ያዘኝ። የነቀምት ብርድ አይደለም፤ ከአጥንት ውስጥ የሚነሣ ነው። ጥርሴ ከጥርሴ ይጋጫል። ጋቢ ደረቡብኝ፣ በላዩ ሸራ ደረቡብኝ፣ አልሞቀኝም። ቀጥሎ ደግሞ እሳት ሆንኩ። ከዚያ በላብ ታጠብኩና ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣሁ።

የባለቤቴ የጫልቱ ወንድሞች መጥተው አዩኝና ምች ነው አሉ፤ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ቀጥለው ዓይኔ ቢጫ ስለሆነ የወፍ በሽታ ነው አሉና ወደ ባህል ሐኪም ካልወሰድነው ብለው ከጫልቱ ጋር ተጣሉ። በአንድ ክሊኒክ ያለ ድሬሰር ደግሞ ግንባሬን ዳስሶ ተስቦ ነው አለ፣ ደሜን ሳያይ እንክብል ሰጠኝ። እንክብሉን ውጬ በማግስቱ ተሻለኝ። ተስቦው ለቀቀ ተባለ። በበነጋው ያ ብርድ ተመልሶ መጣ።

በሽታው ምን እንደሆነ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም። ትኩሳቱ ቀን እየዘለለ ይመጣል፤ አንድ ቀን ይጥለኛል፣ በማግስቱ ይተወኛል፣ ደግሞ ይጥለኛል። እንዲህ በተራ የሚመጣ ነገር ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ አንዷ ካንዴላ የሞተችበት ሞተርም የሚንቀጠቀጠው እንዲሁ በተራ ነው። ሥርዓት ያለው ብልሽት ደግሞ ምክንያቱ ይገኛል። ወደ ሆስፒታል ውሰዱኝ አልኩ። ወሰዱኝ። ያጋጠመው ግን ትኩሳቱ የሚተወኝ ቀን ነበር፤ እጄን ነክተው ትኩሳት የለህም፣ ደህና ነህ ብለው መለሱኝ። መኪናም እንዲህ ነው፤ ቤት ሲያንኳኳ ይሰነብትና ጋራዥ ሲደርስ ዝም ይላል።

ስለዚህ ትኩሳቱን ቀጥሬ ሄድኩ። በተራው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ፣ የጉራጌው ባለሱቅ፣ ዕቃ የሚያመላልስበትን ጋሪ ሱቁን ዘግቶ ራሱ ነዳልኝ። ከታመምኩ ጀምሮ ስኳርና ሎሚ እየላከ ሲሆን ስለ ዋጋው አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። «ኦቦ ነገራ፣ አንተ ከሞትክ የወፍጮዬን ሞተር ማን ይሠራልኛል? ለራሴ ነው» ይላል። መንገዱን ሁሉ ሲቀልድብኝ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ደም የሚታይበት ክፍል ትንሽ መስኮት አላት። ከመስኮቷ ውጭ ረጅም አግዳሚ አለ፤ በሽተኛው ጣቱን ተወግቶ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። ውስጥ ያለው መርማሪ ለገሰ ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፣ ነቀምት ከኖረ ብዙ ጊዜው ነው። በሕይወቴ ከእኔ ሌላ እንደርሱ በሥራው የሚመካ ሰው አላየሁም፤ የሚመካበትም ነበረው። አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ፣ የማይታየውን ያያል። ግን ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። ጭንቅላቱን በመስኮቷ አውጥቶ እንደ ሐራጅ ሻጭ ስምና ውጤት ይጠራል።

«ነገራ፣ አራት ፕላስ» አለ።

አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠ የአንገር ጉቲን ሰፋሪ «አራት አመጣህ? ጎበዝ። እኔ ሁለት ነው ያመጣሁት» አለኝ። ሌላው «አይዞህ፣ አንተም ትደርሳለህ» ብሎ አጽናናው። ሦስት ያመጣ አንድ ወፍራም ሰው ደግሞ ከእኔ ቀጥሎ መሆኑን ለሚስቱ ይነግራታል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ሁሉም ከመሠረተ ትምህርት የወጣ ነበር። ቀበሌው ትልቅ ትንሹን አስቀምጦ ፊደል ያስቆጥራል። የኛ ሰፈር አስተማሪ ደግሞ ትክክል ለሆነ መልስ ሁሉ በቀይ የመደመር ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረው። ጫልቱ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች፤ ደብተሯ በቀይ ፕላስ የተሞላ ነው። ለነዚያ ሰዎች ፕላስ ማለት ማወቅ ነው፣ መበርታት ነው። ስለዚህ ለገሰ አራት ፕላስ ሲል ደሜ ብርቱ ነው ያለ መሰላቸው። እኔ በዚያ ቀን ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ስለነበር ማንንም ለማስተማር አልቻልኩም።

ወባ መሆኑ ተነገረን፣ መራራ ክኒን ተሰጠን። ክኒኑን ሁሉ ጨርሼ እንድውጥ፣ ሳልጨርስም ደሜ እንዲታይ ቀጠሮ ተያዘልኝ። ክኒኑን መዋጥ ጀመርኩ፤ ትኩሳቱም ተወኝ። በቀጠሮው ጫልቱ ደግፋኝ ሄድን። ለገሰ ጭንቅላቱን አወጣና አንድ ፕላስ አለ።

ጫልቱ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ ወተት አፈላችልኝ፣ የዶሮ መረቅ ሠራችልኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዴን በጣቶቿ እየለካች ትተክዛለች። እኔ የደስታ ዝምታ መስሎኝ ነበር። የክኒን ሰዓት ሲደርስ ግን አላመጣችም። ስጠይቃት «ጨርሰሃል፣ አባ ቶላ» አለችኝ። ቶላ የበኩር ልጃችን ነው፤ ባልና ሚስት በኛ አገር በስም አይጠራሩም፤ እኔም ሃዳ ቶላ፣ የቶላ እናት፣ እላታለሁ። ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው ክኒን አይቆጥርም፤ አመንኳት።

እውነትም የተሻለኝ መሰለኝ። ወደ ጋራዥ ሄጄ ቁልፍ አነሣሁ። ሰው ሁሉ ነገራን ወባም አልቻለውም አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ።

ጥቂት ሰንብቶ ብርዱ ተመለሰ። የአሁኑ ከፊተኛው የባሰ ነው። ሽንቴ ጠቆረ፣ ቆሜ መሄድ አቃተኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስለኝ ጀመር። በዚያ ሰሞን ፈርቼ ነበር። ስፈራ አልናገርም፤ ጫልቱ ግን ታውቅብኛለች፤ ጨለማውን እንዳላይ ኩራዙን ሳታጠፋ ታነጋለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩልኝ። ሲወጡ በር ላይ ስለ ልጆቹ የሚያወሩትን ሰማሁ። ሰው ስለ ልጆችህ በሹክሹክታ ማውራት ሲጀምር ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባሃል።

ጋሽ ሸምሱ ጋሪውን አመጣ፤ ተኝቼ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ጭንቅላቴን በጫልቱ ጭን ላይ አድርጌ ጠበቅን። እንደ ልማዱ መስኮቷ ተከፈተች።

«ነገራ፣ አራት ፕላስ።»

ጫልቱ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣች። «ገለኒ ከን ዋቀዮቲ» አለች፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን ማለት ነው። ፊቷ በራ።

መስኮቷ ተዘግታ ነበር፤ እንደገና ተከፈተች። «ማነው ያመሰገነው?» አለ ለገሰ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አዴ ጫልቱ፣ ይህን ሰውዬ እንዲህ ትጠይዋለሽ እንዴ?»

አግዳሚው ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። «ለምን እጠላዋለሁ? ባለፈው ከአራት ወደ አንድ ወርዶ አስደንግጦኝ ነበር። ይኸው መለሰው።»

«ምኑን ነው የመለሰው?»

«ደሙን ነዋ።»

ለገሰ ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ ወጣና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ክኒኑን ጨርሷል ወይ ብሎ በቀስታ ጠየቃት። 

«በጨው ቅል ውስጥ አለ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እያነሰ ሲሄድ አየሁ። አራት የነበረ ሰው አንድ ሆነ። ክኒናችሁ ደሙን እየበላው ነው ብዬ ደበቅሁበት። ማሎ፣ እኔ እንዲተርፍልኝ ነው።»

ማሎ በኛ ቋንቋ እባክህ ማለት ነው። በሕይወቷ ሰው ስትለምን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ተኝቼ ሰማሁ፣ አልተቆጣሁም። ልታድነኝ ብላ ከሐኪም የተጣላች ሴት እንጂ ሌላ አልታየኝም። የትኛዋ ሌላ ሚስት ባሏን ከመድኃኒት ለማዳን ትደፍራለች?

ለገሰ አልተቆጣትም። ተነሥቶ ወደ አግዳሚው ዞረ። «እናንተም ስሙኝ» አለ። «እኔ ፕላስ የምላችሁ የጠላታችሁ ቁጥር ነው። በማጉያ መነጽሬ ስመለከት በየቦታው ከተጨናነቀ አራት እላለሁ። ብዙ ቦታ ፈልጌ አልፎ አልፎ ካገኘሁ አንድ እላለሁ። ፈልጌ ካጣሁ ዜሮ። ደግሞ ስንት አመጣህ እየተባባላችሁ ትኮሩብኛላችሁ።»

በዚያም ቀን ሦስት ያመጣ ሌላ ሰው ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ያኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ነገሩን ለጫልቱ በሚገባት አስረዳኋት። ጭነት ነው አልኳት። አምስት ኩንታል በሚችል ጋሪ ላይ ሃያ ከጫንሽበት ብዛቱን አይተሽ ትደሰቻለሽ? የጋሪው ጎማ ይፈነዳል፣ በቅሎው ይወድቃል። አራት ፕላስ ማለት ባሌስትራው እየተሰበረ ነው ማለት ነው። ለገሰም ይህ አባባል ከኔ ይሻላል፣ እወስደዋለሁ አለ። ወሰደውም፤ ከዚያ በኋላ ለበሽተኛው ሁሉ በጋሪ ነው የሚያስረዳው፤ የኔ መሆኑን ግን አይናገርም።

ጫልቱ ግን ገና አልጨረሰችም። «ታዲያ እዚህ ጎበዝ የሚባለው ስንት ያመጣ ነው?»

«ዜሮ ያመጣ።»

«በኛ ክፍል ዜሮ ያመጣ ሰው ይሳቅበት ነበር።»

«እዚህ የሚሳቅበት አራት ያመጣው ነው» አለ ለገሰ፤ «ያውም ሳቁን ለመስማት ከኖረ።»

አሰበች። የኔ ሚስት የምትጠይቀውን ታውቃለች። «ዜሮ ካልክ በውስጡ ምንም የለም ማለት ነው?»

ለገሰም «እኔ አላየሁም ማለት ነው» አላት። «ይህ ዓይነቱ ወባ ጉበት ውስጥ የሚደበቅ ዘር አለው፤ ደም ውስጥ ስለሌለ እኔ አላየውም። ከደም ሲጠፋ ሌላ ክኒን አለ፤ እርሱ የተደበቀውን ነው የሚፈልገው። ረጅም ነው፣ ሰው የሚያቆመውም እርሱን ነው።»

አስተኙኝ። በመርፌም በክኒንም ታከምኩ። በክፍሉ ውስጥ የሚያቃስተውን ሁሉ እየሰማሁ ሌሊቱን መግፋት ከባድ ነበር፤ ጫልቱ ከአልጋዬ ሥር ሰሌን ላይ ተኝታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጋቢዬን ትይዛለች። ስንቀጠቀጥ በጋቢው ታውቃለች።

ትንሽ ስበረታ ለገሰ ሊጠይቀኝ መጣ። ማጉያ መነጽሩ ማስተካከያው እየተንሸራተተ እንዳስቸገረው ነገረኝ። ተደግፌ ሄጄ አየሁት። ብሎኗ ላልታ ነበር፤ ከምላጭ ሽራፊ መፍቻ ሠርቼ አጠበቅኋት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያን ቀን ነው የነካሁት፣ ቢሆንም ብረት ብረት ነው። ደመወዝህ ይህ ነው ብሎ የራሴን ደም፣ በሁለተኛው አራት ፕላስ ጊዜ የተቀባውን፣ አስገባልኝና እይ አለኝ።

አየሁ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ በመስታወቱ ላይ አርፎ ሁሉን አብርቶታል። ሜዳ ነው፤ ሐመር ያለ ሜዳ። በሜዳው ላይ ሐምራዊ ቀለበቶች ተበትነዋል፣ እያንዳንዱ ቀለበት እንደ ፈርጥ አንዲት ቀይ ነጥብ አለችው። ቆንጆ ናቸው። የሚገድለኝ ነገር እንዲህ ቆንጆ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። መስታወቱን ትንሽ ሲገፋው ሌላ ሜዳ፣ ሌላ ቀለበት፤ ማለቂያ የለውም። ብዙ ሞተር ፈትቻለሁ፤ የራሱን ውስጥ ያየ መካኒክ ግን ከእኔ ሌላ በወለጋ ያለ አይመስለኝም። ለገሰ ይህን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለስንቱ ሰው እንደሚቆጥር ሳስብ ባርኔጣዬን አወለቅሁለት። እውነቴን ነው፤ አወለቅሁ።

ቀጥሎ የቀዱት ደም ሁለት አለ፣ ቀጥሎ አንድ አለ። በመጨረሻ መስኮቷ ስትከፈት ለገሰ ከስሜ በፊት ውጤቱን ጠራ፤ «ዜሮ» አለ። በአግዳሚው ላይ ያሉት አዲስ ሰዎች በሐዘን አዩን። ጫልቱ ግን እያለቀሰች መስኮቷን ሳመች።

ረጅሙን ክኒን ይዘን ወደ ቤት ገባን። ሆድ ያስቸግራል፣ ምግብ ያስጠላል። እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ፤ ብርድ የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ደሜ ዜሮ ነው። ክኒኑ ገና ሳያልቅ አኖ ላይ አንድ ቡና የጫነ ካሚዮን ተሰብሮ ቆመና ሾፌሩ በሌላ መኪና ሊወስደኝ መጣ። መሣሪያዬን ጭኜ ተሳፈርኩ። ክኒኑን አልያዝኩም፤ የረሳሁት አይደለም።

ያ ወባ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተመለሰብኝም። ለምን እንዳልተመለሰ ደግሞ ይኸው።

መኪናው ተነሥቶ ገበያው ጋ ሲደርስ ሰው ከፊቱ ቆመ። ጫልቱ ነበረች። በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ክኒን ይዛ በአቋራጭ ሮጣ ቀድማናለች። ሾፌሩ አቆመ። በሩን ከፍታ ክኒኑን ዘረጋችልኝ።

«ዜሮ ነው እኮ የተባልኩት፣ ሃዳ ቶላ» አልኳት። ገበያተኛው ቆሞ ያያል።

«ዜሮው ለገሰ ያየው ነው» አለችኝ። «ይህ ላላየው ነው።»

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ክኒኑን ተቀብዬ ዋጥኩት፣ ውሃ ጠጣሁበት። እርሷ ግን ከበሩ አልተነሣችም። አፍህን ክፈት አለችኝ። በነቀምት ገበያ መካከል፣ መኪናውን የሠራሁለት ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ከፈትኩ። ምላስህን አንሣ አለችኝ፤ አነሣሁ።

ከዚያ በሩን ዘጋችና ለሾፌሩ ሂድ አለችው።